የታመሙ ሴሎች

ኦክቶበር 7፣ ማክሰኞ

ጽሑፌን ከላክሁበት መጽሔት የገምጋሚዎቹ መልስ መጣ። ሁለቱ ጽሑፉን ወደውታል። ሦስተኛው፣ ማን እንደሆነ የማላውቀው ግን የጠመደኝ ሰው፣ አንድ ነገር ጠየቀ። «ይህን ሙከራ ሌላ ሰው በራሱ እጅ ይድገመው» ይላል።

አምስት ዓመት የለፋሁበት ሥራ ነው። የአንጎል ሴል ላይ ጋባ የሚባለውን ኬሚካል የሚቀበል ሪሴፕተር አለ። ጋባ ሲደርሰው፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ያለ የፖታስየም ቻናል ይከፈትና ሴሉ ጸጥ ይላል። መጻሕፍቱ ሁሉ ሪሴፕተሩና ቻናሉ አይነካኩም ይላሉ። በመሃላቸው ጂ ፕሮቲን የሚባል መልእክተኛ አለ፤ እሱ ደግሞ ጂቲፒ ካላገኘ አይንቀሳቀስም፣ ነዳጁ ነው። እኔ ነዳጁን ከልክዬ ቻናሉ ሲከፈት አየሁ። ሪሴፕተሩ ቻናሉን ራሱ በቀጥታ ይዞታል ማለት ነው። ከእኔ በፊት ይህን ያየ የለም።

አለቃዬ ዶክተር ሃልቮርሰን ደብዳቤውን አንብባ ሳትጨርስ «ሃሴት ትድገመው» አለች።

ሃሴት! ገና ከኮሌጅ የወጣች፣ ሰኔ ላይ የገባች ቴክኒሻን። ያስገባኋትም እኔው ነኝ። እናቷ እጅጋየሁ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እጄን ይዛ «ልጄ ሕክምና መማር ትፈልጋለች፤ አደራ፣ አንቺ ጋ ትሥራና መንገዱን አሳያት» ስላለችኝ ማመልከቻዋን በእጄ ወስጄ ሰጠሁላት። አሁን ተመልሳ የእኔን ሥራ ልትመረምር።

ቪዛዬ ኤፕሪል ላይ ያልቃል። ጠበቃው «ጽሑፉ ከታተመ ግሪን ካርዱ አያስቸግርም» ብሎኛል። ካልታተመ ምን እንደሚሆን አልጠየቅኩትም።

ኦክቶበር 9፣ ሐሙስ

በምሳ ሰዓት፣ እየተጣደፍኩ። ማይክሮስኮፑና መቅጃው ያለበት ጠረጴዛ፣ ሪግ የምንለው፣ ከዛሬ ጀምሮ ለሁለት ተከፈለ። ጠዋት የሃሴት፣ ከሰዓት የእኔ። ወንበሬን ዝቅ አድርጋ ትታዋለች። የማይክሮስኮፑ መነጽር ላይ የዐይን ኩል። የእኔ ጠረጴዛ ላይ!

ኦክቶበር 14፣ ማክሰኞ

ሃሴት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሴሎች አሳየችኝ። የዶክትሬት ተማሪው ሌዊም በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ከረንቱ፣ ቻናሉ ሲከፈት የሚፈስሰው ኤሌክትሪክ፣ ልክ እንደ እኔው ይነሣል። ከዚያ አምስተኛው ደቂቃ ላይ መውረድ ይጀምራል፤ አሥራ አምስተኛው ላይ ምንም የለም፣ ጠፍጣፋ መስመር።

«ሴሎችሽ ታመዋል» አልኳት።

«ጤነኛ ይመስላሉ እኮ። ሶ... አንድ ነገር ልጠይቅሽ? አንቺ ለምንድን ነው ሦስት ደቂቃ ላይ ስቶፕ የምታደርጊው?»

«ከዚያ በላይ ሲቆይ ሴሉ ይደክማል።»

«ኦኬ። ግን ጂቲፒ ስጨምርበት አይደክምም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ይሠራል።»

ሌዊ ወደ መሬት አየ። «ይሄ ልምድ ይባላል» አልኳት። «ስምንት ዓመት ስትሠሪበት ይገባሻል።» ቀላች። ጥሩ።

የጠየቀችው ነገር ምን ለማለት እንደሆነ ገብቶኛል። በብርጭቆ መርፌው በኩል የእኔ ፈሳሽ ሲገባ የሴሉ የራሱ ጂቲፒ እየታጠበ ይወጣል፤ ታጥቦ እስኪያልቅ ግን ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ እኔ ያየሁት ከረንት ሴሉ የቀረችውን ነዳጅ አሟጦ እስኪጨርስ ድረስ ያለው ነው ልትለኝ ነው። ይህን የማላውቅ መስሏት! መጀመሪያ ሰሞን እኔም ረጅም ሰዓት ቀድቻለሁ። የወረዱ ነበሩ። ሦስት ይሆናሉ፣ ቢበዛ አራት። የታመሙ ሴሎች ናቸው። የታመመ ሴል አይቆጠርም፤ በየትኛውም ላብራቶሪ እንዲሁ ነው።

ኦክቶበር 17፣ ዓርብ

የድሮ ፋይሎቼን አየኋቸው። የተጣሉት ስድስት ናቸው እንጂ አራት አይደሉም። ለውጥ የለውም።

ኦክቶበር 20፣ ሰኞ

ፕሮግራሙን ቀየርኩት። ሪጉ ጠዋት እስከ አራት ሰዓት ተኩል ለእኔ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ሰዓት ለእሷ፣ ከሰዓት እንደገና ለእኔ። አይጡን አዘጋጅታ፣ አንጎሉን ቆርጣ፣ ቁራጮቹ እስኪያገግሙ ጠብቃ አንድ ሴል ብታገኝ ነው። ከምትኖርበት ከኬንት የሚመጣውን የጠዋቱን ባቡር ይዛ፣ ከእኔ ቀድማ ገብታ፣ ሰዓቷ እስኪደርስ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ ታነብባለች። ሰው እንዲያይላት ነው።

ወንድሜ መልከጸዴቅ ማታ «ይቺ ልጅ ምን አደረገችሽ?» አለኝ። አብረን ሬንተን ነው የምንኖረው። እሱ በዲቪ መጥቶ የከባድ መኪና ሾፌር ሆኗል፤ ስለ ሥራዬ የሚያውቀው እኔ የምነግረውን ብቻ ነው።

«ምንም። ሥራ አትችልም።»

«ታዲያ ካልቻለች ለምን ትፈሪያታለሽ?»

ራቱን አሙቄ አቀረብኩለት።

ኦክቶበር 23፣ ሐሙስ

ሌዊና ሃሴት በረዶ ማሽኑ ጋ ሆነው ስሜን አንሥተው ሲያወሩ ሰማሁ። መኖሬን አላወቁም።

ሌዊ፦ «ሠርኬን ስለዚያ ነገር ደግመሽ ባትጠይቂ ይሻልሻል። ሕይወትሽን ነው የምታጠፋው።»

ሃሴት፦ «የተሳሳትኩትን እንድታሳየኝ ብቻ ነው የምፈልገው። እሷ እኮ ከሁላችንም በላይ ትችላለች።»

ማስመሰሏ! በእንግሊዝኛ ስታወራ ደግሞ እንዴት ትጣፍጣለች።

ኦክቶበር 29፣ ረቡዕ

ለሃልቮርሰን ነገርኳት። ልጅቷ የፈሳሹን ሙቀት አትከታተልም፣ ቁራጮቹን ከሰዓታቸው በላይ ታቆያለች፣ ስለዚህ ሴሎቿ ታመው ነው የሚወርዱት አልኩ። አንድ ቀን ሙቀቱ ሁለት ዲግሪ ወርዶ አይቻለሁ፤ ውሸት አይደለም። ሃልቮርሰን መነጽሯን አውልቃ «አንድ ቀን ወይስ ሁልጊዜ?» አለችኝ። «ሁልጊዜ» አልኩ።

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ፍሪዌይ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀሁ። መኪና ውስጥ ብቻዬን ሳወራ ራሴን ሰማሁት። ለሃሴት እያስረዳኋት ነበር። አሸነፍኳት።

ኖቬምበር 3፣ ሰኞ

ሃሴት ጠዋት ቁራጮቿን አዘጋጅታ ማቆያው ሳህን ውስጥ ትታ ወጣች። ኦክስጅን የሚያመጣ ቀጭን ቱቦ ፈሳሹን ሲያንቦቀቡቀው ነው ቁራጮቹ በሕይወት የሚቆዩት። ሳልፍ ቱቦው ወልቋል። አረፋ የለም። ቱቦው ራሱ ነው የወለቀው፤ ኃላፊነቱ የእሷ ነው። አልፌ ሄድኩ።

ሰዓቷ ደርሶ ስትቀመጥ አንድ በሕይወት ያለ ሴል አላገኘችም። ሁሉም አብጠዋል። ሃልቮርሰንን ጠርቼ «ይኸው ተመልከቺ» አልኳት።

ኖቬምበር 6፣ ሐሙስ

ስብሰባ። ሃልቮርሰን፣ ሃሴት፣ እኔ። በሩ ተዘጋ።

ሃልቮርሰን «ለጊዜው ከሪጉ ውጪ ሁኚና የአይጦቹን ክፍል ያዢ» አለቻት። «እስካሁን የቀዳሻቸውንም አንጠቀምባቸውም።»

ሃሴት «ቱቦውን አጥብቄዋለሁ» አለች። «አረፋውን ቼክ አድርጌ ነው የወጣሁት።» ይህን ስትል የምታየው እኔን ነው። እኔም አየኋት። አንድ ሰው ቀድሞ ዐይኑን መስበር ነበረበት፤ እሷ ሰበረች።

በኋላ ሴቶች መጸዳጃ ቤት ውኃ ከፍታ ስታለቅስ ሰማሁ። ተመልሼ ሌላ ፎቅ ሄድኩ።

ምናልባት ሳልፍ ክርኔ ቱቦውን ነክቶት ይሆናል። ክፍሉ ጠባብ ነው።

ኖቬምበር 12፣ ረቡዕ

ሃሴት ሥራ ለቀቀች። ለሃልቮርሰን ኢሜይል ጻፈች፤ ለእኔ ምንም። ጠረጴዛዋን ሌዊ ነው ያጸዳው። የላብራቶሪ ደብተሯን አምጥቶ ፊቴ ወረወረውና «የላቡ ንብረት ነው፣ አንቺ ትፈልጊዋለሽ» አለኝ። ድሮ ጠዋት ጠዋት ሰላም ይለኝ ነበር።

ደብተሩን ከፈትኩት። ሰባት ሴሎች። ለእያንዳንዱ ሰዓቱ፣ ሙቀቱ፣ የመርፌው መጠን፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ በደቃቅ ጽሑፍ። ሙቀቱ የወረደው እውነትም አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያንንም ራሷ በቀይ ከብባዋለች። በየገጹ ግርጌ በአማርኛ፣ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ እጅ በሚመስል ፊደል፣ እንዲህ ይላል፦ «ሠርኬን ጠይቂ። ምናልባት የኔ ጥፋት ነው።»

ሰባት ጊዜ ጽፋዋለች። እኔ የሰማሁት አንድ ጊዜ ነው። ሌላውን ጊዜ መቅረብ ፈርታ ነው? እኔ የሚፈራ ሰው ነኝ?

መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ኖቬምበር 18፣ ማክሰኞ

መልሱ ለመጽሔቱ መላክ ያለበት ዲሴምበር አምስት ነው። ሃልቮርሰን ሌላ ላብ ውስጥ የሚደግመው ሰው አገኛለሁ ትላለች። አያስፈልግም፣ እኔ ከሌዊ ጋር እጨርሰዋለሁ አልኳት። ሌዊ ራሱን ነቀነቀ፤ «አይሆንም» ማለቱ ነው፤ በሷ ፊት።

እሺ። እኔው አንድ ረጅም እቀዳለሁ። ይህን ነገር ለመዝጋት ብቻ።

ኖቬምበር 21፣ ዓርብ

ቀዳሁ።

ሰው ምሳ ሲወጣ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ጥሩ ቁራጭ፣ ጥሩ ሴል፤ ክብ፣ ጠርዙ የጠራ። የታመመ ሴል አለመሆኑን ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ። የመርፌውን ጫፍ አስነካሁት፣ በአፌ ቀስ ብዬ ሳብኩ፣ ሽፋኑ ተቀደደ። ፈሳሹ ውስጥ ጂቲፒ የለም። ጋባውን የሚተካውን መድኃኒት ለቀቅኩበት። ከረንቱ ተነሣ፤ ያ የማውቀው፣ አምስት ዓመት የወደድኩት ቅርጽ። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ሦስት። እጄ ልምዱ ነውና ወደ ማቆሚያው ሄደ። እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩበት።

አምስተኛው ላይ መውረድ ጀመረ። እየወረደ፣ እየወረደ፣ አሥራ አራተኛው ላይ አለቀ። ሴሉ ግን ጤነኛ ነው። የሚለካው ሁሉ እንደነበረ ነው። ሌላ ሴል ያዝኩ፤ በዚህኛው ጂቲፒ ጨመርኩ። ሃያ አምስት ደቂቃ፣ ፍንክች የለም። ሦስተኛ ሴል፣ ያለ ጂቲፒ። ወረደ።

ሪሴፕተሩ ቻናሉን አልያዘውም። በመሃላቸው መልእክተኛው አለ፤ መጻሕፍቱ እንደሚሉት። ልጅቷ እንደምትለው።

ከዚያ የድሮዎቹን ከፈትኳቸውና ስምንት ዓመት የሠራ ሰው ዐይን ይዤ አየኋቸው። የጣልኳቸው ስድስት አይደሉም። አሥራ አንድ ናቸው። አንዱም አልታመመም።

ኖቬምበር 22፣ ቅዳሜ

ማንም አያውቅም።

ኖቬምበር 27፣ ሐሙስ

ታንክስጊቪንግ፣ የዚህ አገር የምስጋና በዓል። ፌደራል ዌይ፣ የመልከጸዴቅ ጓደኛ ቤት። ጾም ላይ ስለዋለ የበዓሉ የተርኪ ሥጋ የለም፤ ሽሮ፣ ሱፍ፣ የዱባ ወጥ። ሃያ ሰው ይሆናል። መልከጸዴቅ ብርጭቆውን አንሥቶ «ይቺ እህቴ አንጎል ውስጥ ማንም ያላየውን አየች!» አለ። አጨበጨቡ። አንዲት ሴትዮ «ምን አየሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ምንም» አልኳቸው።

ትሕትና መስሏቸው ሳቁ። ጉንጬን ሳሙኝ። አንዲት ጉርሻ ሳልውጥ ረጅም ሰዓት አፌ ውስጥ ይዣት ቆየሁ።

ዲሴምበር 1፣ ሰኞ

ለሃልቮርሰን ነገርኳት። ሦስቱን ቅጂ አስቀድሜ አሳየኋት፣ ከዚያ የድሮዎቹን።

«ስንት ነው የጣልሽው?»

«አሥራ አንድ።»

«ከስንት?»

«ከሃያ።»

ወደ መስኮቱ ዞረች። ሐይቁ አይታይም፣ ጉም ነው። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ጽሑፉን ዛሬውኑ ከመጽሔቱ እናስመልሰዋለን፣ አይታተምም አለች። ኮንትራቴ ማርች ላይ ሲያልቅ አይታደስም። ለዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ትጽፋለች። የድጋፍ ደብዳቤ ለጠበቃዬ መጻፍ እንደማትችል ደግሞ ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

«ሃሴትስ?» አለች።

«ሃሴት ልክ ነበረች።»

«የኦክስጅን ቱቦውስ?»

«እሱን አላውቅም» አልኩ።

ይህን ዋሸሁ። ደብተሬ ላይም ዋሽቻለሁ፣ ሁለት ጊዜ።

ዲሴምበር 2፣ ማክሰኞ

መልከጸዴቅ ጮኸ። ከልጅነታችን ጀምሮ ጮሆብኝ አያውቅም። «ማን ያይ ነበር? ሦስት ደቂቃ ይሁን አሥራ አምስት ማን ነው ቆጥሮ የሚይዝሽ? አገሩ ሁሉ ይዋሻል፣ አንቺ ምን አቸኮለሽ?»

«ልጅቷ አየች።»

«ልጅቷ ሄዳለች!»

በሩን በርግዶ ወጣ። ከመሄዱ በፊት «ለእማዬ አንቺው ትነግሪያታለሽ፣ እኔ አልነግርም» አለኝ።

ዲሴምበር 4፣ ሐሙስ

ሃልቮርሰን ለሃሴት ጽፋ ነበር፤ ይቅርታ ጠይቃ፣ ተመለሺ ብላ። ሃሴት አልመለሰችላትም። ሌዊ በኮሪደር ሲያልፈኝ በግድግዳው በኩል ተጠግቶ ነው የሚያልፈው፣ እንዳልነካው።

የሃሴትን ስልክ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። አታነሣም።

ዲሴምበር 6፣ ቅዳሜ

ኬንት ሄድኩ። አፓርታማቸው ሁለተኛ ፎቅ ነው። እጅጋየሁ ከአዛውንት እንክብካቤ ሥራዋ ገና መግባቷ ነው፤ ሰማያዊ የሥራ ልብሷን አላወለቀችም። ስታየኝ ፊቷ በራ።

«ውይ ልጄ! ግቢ፣ ግቢ። እግዜር ነው ያመጣሽ። ኮትሽን አምጪ፣ በስብሰሻል።»

ሶፋው ላይ አስቀመጠችኝ። ሻይ አፈላች፣ ዳቦ ቆረሰች። እያንዳንዱን ነገር ከማቅረቧ በፊት «ልጄ» ትለኛለች። ከጎኔ ቁጭ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ምን አጥፍታ ነው ከሥራ የወጣችው? ብጠይቃት አትነግረኝም። ለሕክምና ትምህርቱ ማመልከቻም አላስገባችም። ዘንድሮ ይቅርብኝ፣ እኔ ለዚህ አልሆንም ትለኛለች። ቀኑን ሙሉ ክፍሏ ነው። አንቺ መንገዱን ታሳይልኛለሽ ብዬ... እባክሽ ምከሪልኝ።»

ሃሴት ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደወጣች አላየሁም። ከስታለች።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት። «ልክ ነበርሽ። አሥራ አምስት ደቂቃ ቀዳሁት። ወረደ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ዶክተር ሃልቮርሰን ጻፈችልኝ።»

«እንድትመለሺ...»

«ቱቦውን ማን ነው ያወለቀው?»

እናቷ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየች። «የምን ቱቦ ነው?»

ሃሴት ወደ እናቷ ዞረች፣ አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። ከዚያ ለእኔ «አንቺ ንገሪያት» አለች። «በአማርኛ ንገሪያት። እኔ ቃሉ የለኝም። አንድ ወር ሙሉ ልነግራት ስሞክር ቃሉ የለኝም።»

ነገርኳት። ስለ ሪሴፕተርና ስለ ቻናል መናገር አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ ጀመርኩ፣ ለመሸሽ። እጅጋየሁ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። «ልጄን ምን አደረግሻት?» ስለዚህ ያንን ነገርኳት። ልጅሽ እውነቱን አገኘች፤ እኔ ሥራ አትችልም ብዬ ለአለቃችን ነገርኩ። ሰዓቷን ቀማኋት። ኖቬምበር ሦስት ቀን ጠዋት፣ ክፍሉ ውስጥ ማንም ሳይኖር፣ ቱቦውን በዚህ በሁለት ጣቴ ይዤ ነቀልኩት። ቀስ ብዬ፣ ድምፅ እንዳይሰማ። ከዚያ ጥፋቱ የእሷ ነው አልኩ። ስታለቅስ ሰምቼ ሌላ ፎቅ ሄድኩ።

እጅጋየሁ ሻዩን ከፊቴ አላነሣችም። የሃሴትን ፊት ስታይ ቆየች፤ እንደ አዲስ፣ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው። «እና አንድ ወር ሙሉ የኔ ጥፋት ነው ስትይ...» አለቻትና አልጨረሰችውም። ተነሥታ ሄዳ የልጇን ራስ ደረቷ ላይ ያዘች። ሃሴት ከእናቷ ትረዝማለች፤ ጎንበስ አለችላት።

ተነሣሁ። እጅጋየሁ ልጇን ሳትለቅ በአንድ እጇ ኮቴን ከወንበሩ አንሥታ አቀበለችኝ። በሩንም ራሷ ከፈተችልኝ። እናቴ ልትሆን የምትችል ሴት ናት፤ ከገባሁ ጀምሮ «ልጄ» ስትለኝ ነበር። አሁን ዐይኔን ሳታይ፣ በጣም በጨዋ ድምፅ፣ ለማያውቁት እንግዳ እንደሚባለው፣

«መንገዱ ያንሸራትታል» አለችኝ። «ቀስ ብለው ይንዱ።»